«ተመርጠሻል» የሚል ደብዳቤ ደረሰን፤ ልክፈል? ስለ አዳሪ የምህንድስና ሰመር ካምፖች

ጥያቄ፦ «ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ 10ኛ ክፍልን እየጨረሰች ነው። ቤት ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ካየች ሳትፈታው አታድርም። ፊዚክስ ትወዳለች፤ ሒሳብ ላይ ግን መካከለኛ ናት። ሰሞኑን በፖስታ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። በልዩ ችሎታዋ እንደተመረጠችና በአንድ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደረች ለሁለት ሳምንት ምህንድስና እንደምትማር ይገልጻል። ክፍያው ለእኛ ከባድ ነው። ወዳጆቻችን ግን ‹ይሄ እኮ የዩኒቨርሲቲ በር ይከፍትላታል፣ እንዳያመልጣችሁ› ይሉናል። ቀብዱን በሦስት ሳምንት ውስጥ ካልከፈልን ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል ተብለናል። በዚያ ላይ ሴት ልጅ ብቻዋን ውጭ ማደሯ ያስጨንቀኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ደብዳቤው ልጅዎን አልመረጣትም። ይህን አስቀድመን እናጥራው፤ ጥድፊያውም ጭንቀቱም የመጣው ከዚህ ነውና። እውነተኛ ፉክክር ያለበት ፕሮግራም ተማሪን ቤቷ ድረስ ሄዶ አይጠራም፤ የምታመለክተው ተማሪዋ ናት። ማመልከቻው የትምህርት ውጤት፣ ራሷ የጻፈችው ድርሰት፣ የሒሳብ ወይም የሳይንስ መምህር የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። መልሱ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም «አዝናለሁ» የሚል ነው።

ታዲያ ስሟን ከየት አገኙት? መንገዱ ብዙ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ፒኤስኤቲ የተባለውን ፈተና የሚወስዱ ተማሪዎች «መረጃዬ ይተላለፍልኝ» ብለው ከተስማሙ፣ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ስምና አድራሻቸውን ለኮሌጆችና ለትምህርት ድርጅቶች በክፍያ ሲያስተላልፍ ኖሯል። ሌሎች ደግሞ ክፍል ውስጥ ከሚሞላ መጠይቅ፣ ከውድድር ምዝገባ ወይም «ጎበዝ ተማሪዎችዎን ይጠቁሙን» ተብሎ ከተጻፈለት መምህር ስም ይሰበስባሉ። ይህ ወንጀል አይደለም። ካምፑም በዚህ ብቻ መጥፎ ነው አይባልም። የደረሰዎት ነገር ግን የምርጫ ውጤት ሳይሆን ማስታወቂያ ነው፤ እንደ ማስታወቂያም ይመዝኑት። ደብዳቤውን የጻፉት ሰዎች ካርዷን አላዩም፣ የፈታችውንና የገጠመችውን ዕቃ አላዩም። የቀብዱ ቀነ ገደብም አያስደንግጥዎ። አዘጋጆቹ ዶርም አስቀድመው መያዝ ስላለባቸው ቀን ይቆርጣሉ፤ ቦታው ካልሞላ ግን ከቀኑ በኋላም መዝግበው የሚቀበሉ ጥቂት አይደሉም።

ሁለተኛው ስህተት «በዩኒቨርሲቲው ግቢ» የሚለውን «በዩኒቨርሲቲው» ብሎ ማንበብ ነው። በዕረፍት ወራት የዩኒቨርሲቲ ዶርሞችና ክፍሎች ባዶ ስለሚሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ድርጅቶች ያከራያሉ። ድርጅቱ ሕንፃውን ይከራያል፣ በማስታወቂያው ላይ የታወቀውን በር ፎቶ ያደርጋል፣ አስተማሪዎቹን ግን ከሌላ ቦታ ይቀጥራል። የምህንድስና ፋኩልቲው መምህራንና ቤተ ሙከራዎች ከካምፑ ጋር ምንም ግንኙነት ላይኖራቸው ይችላል። ማጣራቱ ቀላል ነው። ለዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ፋኩልቲ አጭር ኢሜይል ይላኩ፤ «ይህን ካምፕ የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ? የምስክር ወረቀቱስ የሚወጣው በማን ስም ነው?» ብለው ይጠይቁ። የካምፑ ድረ ገጽ በዩኒቨርሲቲው አድራሻ ሥር ካልሆነና ክፍያው ለሌላ ድርጅት የሚገባ ከሆነ መልሱን ኢሜይሉ ሳይመጣም ሊገምቱት ይችላሉ። እግረ መንገዴን ልጨምር፦ «እውቅና ያለው የምህንድስና ካምፕ» የሚል ጽሑፍ ካዩ እውቅናውን የሰጠው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። በአሜሪካ የምህንድስና ትምህርት እውቅና የሚሰጠው ኤቤት የኮሌጅ ዲግሪ ፕሮግራሞችን እንጂ የሰመር ካምፖችን አይገመግምም። የአሜሪካ ካምፕ ማኅበር የሚሰጠው እውቅና ደግሞ የካምፑን ደኅንነትና አሠራር እንጂ የትምህርቱን ጥራት አይመለከትም።

አሁን ወዳጆችዎ ወደሚሉት የዩኒቨርሲቲ በር እንምጣ። አይከፍትም። የከፈለ ሁሉ የሚገባበት ካምፕ ስለ ተማሪዋ የሚናገረው ነገር ቢኖር ቤተሰቧ መክፈል መቻሉን ነው፤ ማመልከቻ የሚያነቡት የቅበላ ሠራተኞችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ክብደት ያላቸው ጥቂት ፕሮግራሞች መኖራቸው እውነት ነው፤ ክብደቱ የሚመጣው ግን መግቢያቸው ጠባብ በመሆኑና ተማሪው እዚያ በሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ካምፕን እንደ መግቢያ ትኬት የምታስብ ወላጅ ገንዘቧንም ተስፋዋንም ያለ ቦታው ታውላለች። ካምፕ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፦ ልጅቱ ምህንድስናን ከስሙ አልፋ ሥራውን ትወደው እንደሆነ ለማየት። በ16 ዓመት ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። «አልወደውም» የሚል መልስ ይዛ ብትመለስ እንኳ የማትፈልገውን ትምህርት ጀምራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከመቀየር ትድናለች።

ሁሉም ካምፕ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሦስት ወገን አድርገው ይዩዋቸው። የመጀመሪያው የማስተዋወቂያ ካምፕ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የሚቆይ፣ የሚከፈልበት፣ አመልካቹን ብዙም የማያጣራ። ተማሪው ሲቪል፣ ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ ኬሚካል እያለ ከየዘርፉ ጥቂት ጥቂት ይቀምሳል። ሁለተኛው የኮርስ ዓይነት ነው፤ ተማሪው በአንድ ርዕስ ላይ ለሳምንታት ይቆያል። የካሊፎርኒያ መንግሥት ያቋቋመው ኮስሞስ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ አራት ሳምንት፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ተማሪው የሚመርጠው አንድ የትምህርት ዘርፍ ብቻ። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ኢኖቬሽን ኮርስም እዚህ ይመደባል፤ «ኤ» ወይም «ቢ» ያመጣ ተማሪ የኮሌጅ ክሬዲት፣ ማለትም ለዲግሪ የሚቆጠር ነጥብ፣ ያገኝበታል።

ክሬዲት የሚለው ቃል ሰውን ስለሚያማልል እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንዱ ዩኒቨርሲቲ የሰጠውን ክሬዲት ሌላው የመቀበል ግዴታ የለበትም። ቢቀበለውም ብዙ ጊዜ እንደ ነፃ ምርጫ ኮርስ ይቆጥረዋል እንጂ ከዋናው የምህንድስና ኮርሶች አንዱን አያስቀርላትም። ውጤቱ በመደበኛ ትራንስክሪፕት ላይ የሚሰፍርበት ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ዝቅተኛ ነጥብም አብሮ ይሰፍራል፤ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ስታመለክት እንድታሳየው ልትጠየቅ ትችላለች። ሒሳብ ላይ መካከለኛ የሆነች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይህን አደጋ የምትጋፈጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ሦስተኛው ወገን ጥብቅ ምርጫ ያለበት ነው፤ እዚህ ገንዘብ ቦታ አይገዛም። ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው ማይቴስ በ1975 ተጀምሮ እስካሁን ዘልቋል፤ ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ ትምህርቱም ማደሪያውም ምግቡም ነፃ ነው፤ የተማሪው ወጪ የመጓጓዣ ብቻ ነው። የሚቀበለው 11ኛ ክፍል የጨረሱትን ነው። አርኤስአይ የሚባለው የምርምር ፕሮግራም በ1984 የተመሠረተ ነው፤ እሱም ስድስት ሳምንት ይቆያል፣ እሱም ነፃ ነው። 100 ያህል ተማሪዎችን ከአሜሪካና ከሌሎች አገሮች ይወስዳል። መጀመሪያ ጥቂት ቀን ትምህርት ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ከአንድ ተመራማሪ ጋር ተመድቦ ሲሠራ ይቆይና ጽሑፍ አዘጋጅቶ በመድረክ ያቀርባል። ከምህንድስና ትንሽ ወጣ ያለው ሰመር ሳይንስ ፕሮግራም ከ1959 ጀምሮ አለ። በአስትሮፊዚክስ ዘርፉ ተማሪዎች አስትሮይድን (ፀሐይን የምትዞር አለት) ራሳቸው በቴሌስኮፕ ፎቶ ያነሳሉ፣ ቦታዋን ይለካሉ፣ ምህዋሯን የሚያሰላ ኮድ ራሳቸው ይጽፋሉ። በብሪታንያ ደግሞ ሰተን ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ1997 ጀምሮ ነፃ የዩኒቨርሲቲ ሰመር ስኩሎችን ያዘጋጃል፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማሩ ነው፣ ምህንድስናም ከርዕሶቹ አንዱ ነው። አንዳንዶቹ የዜግነት ወይም የመኖሪያ ቅድመ ሁኔታ አላቸውና ልጅቷ ጉጉት ሳያድርባት በፊት ያንን ያንብቡ።

እንግዲህ አስተውሉ፦ ክብር የሚያስገኙት ፕሮግራሞች ወይ ነፃ ናቸው ወይ በቤተሰብ አቅም ልክ የሚያስከፍሉ ናቸው። ውድ መሆን የጥራት ምልክት አይደለም፤ በዚህ መስክ ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው።

ጥሩ ካምፕ ውስጥ ምን ይሆናል? ይህን በቅርበት ባሳይዎት የደረሰዎትን ብሮሹር በሌላ ዓይን ያዩታል። በብዙ ካምፖች የሚሠራ አንድ ፕሮጀክት አለ፦ ከደረቅ ስፓጌቲና ከሙጫ ድልድይ መሥራትና እስኪሰበር ድረስ ክብደት ማንጠልጠል። ከሩቅ ሲታይ የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ልጆቹ መጀመሪያ የሚሠሩት ድልድይ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወፍራምና ረጃጅም ዘንጎች ያሉት ነው፤ ብዙ ስፓጌቲ ካሰሩ ይበረታል ብለው ያስባሉ። ክብደቱ ሲንጠለጠል ታዲያ ላይኛው ዘንግ ወደ ጎን ይጎብጥና ድልድዩ ይንኮታኮታል። ስፓጌቲ ሲሳብ ይችላል፤ ከሁለት ጫፉ ሲገፋ ግን ገና ሳይደቅ ይጎብጣል። ሌዎንሃርድ ኦይለር በ18ኛው መቶ ዘመን ያሰላው ይህንኑ ነው፦ አንድን ቀጭን ዘንግ የሚያጎብጠው ኃይል ከርዝመቱ ካሬ ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር የሚሸከመው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛው ድልድይ ተጨማሪ ስፓጌቲ አያስፈልገውም፤ የሚገፋውን ረጅም ዘንግ መሐሉ ላይ በሦስት ማዕዘን ደግፎ ማሳጠር ነው። ጎበዝ አስተማሪ ይህን ቀድሞ አይነግራቸውም። የመጀመሪያው ድልድይ ሲሰበር ቪዲዮውን ቀስ አድርጎ መልሶ ያሳያቸውና «የቱ ነው ቀድሞ የሄደው?» ይላል። ቀመሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ ድልድይ ለመሥራት ጊዜ የማይሰጥ ካምፕ ውድድር አዘጋጀ እንጂ ምህንድስና አላስተማረም።

ሌላው የተለመደ ሥራ መሬት ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር ተከትሎ የሚሄድ ትንሽ ሮቦት ነው። ጠዋት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ልጆቹ ይጨበጨብላቸዋል። ከሰዓት በኋላ ያው ሮቦት፣ ያው ኮድ፣ መስመሩን ጥሎ ግድግዳ ይገጫል። ኮዱን ሲገለብጡ፣ ሽቦ ሲነቅሉና ሲሰኩ ሰዓታት ያልፋሉ። ኮዱ ምንም አልሆነም፤ የተለወጠው ፀሐይዋ ናት። መስመሩን የሚያየው ሴንሰር የሚሠራው ከወለሉ ተንጸባርቆ በሚመለስ፣ ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ውስጥም ኢንፍራሬድ አለ። በመስኮት የገባው ጨረር ነጩንም ጥቁሩንም ንባብ ከፍ ያደርገዋል፤ ጠዋት ኮዱ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ከሰዓት አይሠራም። መፍትሔው ሮቦቱ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ጥቁሩን እንዲለካና መሐለኛውን ቁጥር ራሱ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ልጅዎ በዚያ ከሰዓት ምን ትሆናለች? ትታው ትሄዳለች? ታለቅሳለች? ወይስ እራት ሳትበላ ወለሉ ላይ ተንበርክካ መጋረጃ ታወርዳለች? ምህንድስና ይመቻት እንደሆነ የሚነግርዎት ይህ ነው። የሚያድሩበት ካምፕ ከቀን ኮርስ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፦ ችግሩን ይዘውት ወደ ዶርም ይገባሉ፣ ማታ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ይከራከሩበታል፣ ጠዋት የተለየ ሐሳብ ይዘው ይነሳሉ።

ስለ ሒሳቧ አትጨነቁ፤ ነገር ግን ችላ አትበሉት። የማስተዋወቂያ ካምፖች ካልኩለስ አይጠይቁም፤ አልጀብራና ጥቂት ትሪጎኖሜትሪ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ሒሳብን «መካከለኛ» የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ምን እንደሚሠራ አለማየት ነው፤ ድልድይ ሰብራ ያየች ልጅ ካሬ የሚለው ነገር ዓይኗ ፊት የጎበጠ ዘንግ ይሆንላታል። ካምፕ ግን የሒሳብ ክፍተት አይሞላም፤ በሁለት ሳምንት የሚሞላ ክፍተት የለም። ምህንድስና ላይ የምር ከሆነች ዋናው ሥራ ያለው በ11ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ነው። ለካምፕ የሚወጣው ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ የሒሳብ አስጠኚ የሚከፍል ከሆነ እኔ አስጠኚውን እመርጣለሁ፤ ይህን የምለው በእንዲህ ዓይነት ካምፖች ውስጥ ያስተማርኩ ሰው ሆኜ ነው።

የደረሰዎት ካምፕ ጥሩ ይሁን አይሁን ለመለየት ከብሮሹሩ ይልቅ የአንድ ቀን ፕሮግራም በሰዓት ተከፋፍሎ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ከጠዋት እስከ ማታ እጃቸው ዕቃ ላይ የሚያርፍበትን ሰዓት ይቁጠሩ። ቀኑ በጉብኝት፣ በእንግዳ ንግግር፣ «የአመራር ክህሎት» በሚባል ስብሰባና በመዝናኛ ከተሞላ ሽርሽር እየገዙ ነው። ሽርሽር መጥፎ ነው አልልም፤ ዋጋው የሽርሽር ይሁን። አስተማሪው ማን እንደሆነ፣ በአንድ ቤተ ሙከራ ስንት ተማሪ እንደሚገባ፣ አንድ የሮቦት መገጣጠሚያ ዕቃ ለስንት ልጅ እንደሚሰጥ ይጠይቁ። አምስት ልጆች አንድ ሮቦት ላይ ከተመደቡ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሦስቱ ያያሉ። መራራውን እውነት ልንገርዎት፦ ዳር ቆመው ከሚያዩት ውስጥ ሴቶቹ ይበዛሉ፤ ችሎታ አንሷቸው ሳይሆን ወንዶቹ ቀድመው ኪቦርዱን ስለሚይዙት ነው። ጥሩ አስተማሪ የሥራ ድርሻውን በየቀኑ ያዟዙራል። በዚህ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቀው «ልጆቹ ራሳቸው ይከፋፈላሉ» ካሉዎት መልሱ አልጣመኝም።

ወደ ማደሩ ጉዳይ ስንመጣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ የሚፈታው ግን በጥርጣሬ ሳይሆን በጥያቄ ነው። የአሜሪካ ካምፕ ማኅበር ለአዳሪ ካምፖች ያወጣው መለኪያ ከ15 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ቢያንስ ለ10 ልጅ አንድ ተቆጣጣሪ ነው፤ ከዚህ የሳሳ ቁጥር ከነገሩዎት ምክንያቱን ይጠይቁ። ተቆጣጣሪዎቹ የሚያድሩት ከልጆቹ ጋር በአንድ ፎቅ ላይ ነው ወይስ ሌላ ሕንፃ ውስጥ? የሴቶቹ ፎቅ ለብቻው ነው? የወንጀል መዝገባቸው ተጣርቷል? በዚያው ሕንፃ ካምፑ የማያውቃቸው ሌሎች እንግዶችም ያድራሉ? (ዶርም የሚከራየው ካምፑ ብቻ ስላልሆነ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይዘነጋል።) ሌሊት ብትታመም ማን ይዟት ይሄዳል፣ ወዴት? የምትወስደው መድኃኒት ካለ ማን ጋር ይቀመጣል? ስልክ የሚከለክሉ ከሆነ እርስዎ በማን በኩል ያገኟታል? ልጅዎ ደግሞ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር በግልጽ ትወቅ፦ የማይመች ነገር ካጋጠማት በየትኛውም ሰዓት ደውላ «ውሰዱኝ» ማለት እንደምትችልና ስለ ገንዘቡ ማንም እንደማይወቅሳት።

ወላጆች ስለ ሌሊቱ ሲጨነቁ የቀኑን ይረሳሉ። አደጋ ወርክሾፕ ውስጥም አለ። የሶልደር ማቅለጫ ጫፍ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። የቁም መሰርሰሪያ ላይ ጓንት ማድረግ ይጠብቃል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ተቃራኒው ነው፤ የሚሽከረከረው መርፌ ጓንቱን ይይዝና እጅን ጎትቶ ያስገባል፤ የተለቀቀ ፀጉርም እንዲሁ። በሌዘር መቁረጫ ፒቪሲ ፕላስቲክ ከተቆረጠ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባን ይጎዳል፣ ማሽኑንም ይበላዋል። ስለዚህ ስልክ ሲደውሉ «ሌዘሩ ላይ የማይቆረጠው የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መሣሪያውን በእውነት የሚያሠራ ሰው በአንድ አፍታ ይመልስልዎታል። የሽያጭ ሠራተኛ ብቻ ከሆነ «ላጣራና ልደውልልዎ» ይላል፤ ካጣራና ከደወለም ቢያንስ የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር፣ በዩኒቨርሲቲዎች ከሚመሩ ካምፖች ብዙዎቹ የገንዘብ ድጋፍ አላቸው፤ ግን ቀድሞ ያልቃል። የድጋፍ ማመልከቻው ቀን ከምዝገባው ቀን ሊቀድም ይችላል። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይያዙ፦ ድጋፍ ካልተገኘ ቀብዱ ይመለሳል ወይ፣ እና ልጅቱ ብትታመም ወይም ካምፑ ቢሰረዝ ከዋናው ክፍያ ምን ያህሉ ተመላሽ ነው። በክፍያው ውስጥ ያልተካተተውንም ይደምሩ፦ የመጓጓዣ፣ የቅዳሜና እሁድ ምግብ፣ የኢንሹራንስ፣ የቤተ ሙከራ ክፍያ። ከአገር አገር የሚያስጉዝ ከሆነ ቪዛ ይጨመራል፤ ለምሳሌ በአሜሪካ በሳምንት 18 ሰዓትና ከዚያ በላይ ትምህርት ያለበት ወይም ክሬዲት የሚሰጥ ፕሮግራም የጎብኚ ሳይሆን የተማሪ ቪዛ ይጠይቃል፤ በጎብኚ ቪዛ መግባት በኋላ ልጅቱን ራሷን የሚጎዳ መዘዝ ያመጣል። ለካምፕ ግን አትበደሩ። ተበድረው የሚሄዱበት ምንም ካምፕ የለም።

እንግዲህ ምክሬ ይኸውልዎ። ይህን ካምፕ፣ በዚህ ደብዳቤ፣ በዚህ ዋጋ አይክፈሉ። ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ዛሬ ይላኩላቸው፤ የሚያጠግብ መልስና ለቤተሰብዎ አቅም የሚሆን ድጋፍ ካመጡ ብቻ እንደገና ያስቡበት። ያለዚያ በዚህ ሰመር በምህንድስና ፋኩልቲ መምህራን የሚመራ፣ አንድ ፕሮጀክት ከጀመሩበት እስከሚሰበርና እስከሚጠገንበት የሚያዘልቅ፣ አንድ ሳምንት የሚቆይ ካምፕ ይፈልጉላት። በተቻለ መጠን ቅርብ የሆነ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ይመረጣል፤ ስሙ ያነሰ ካምፕ ብዙ ጊዜ ቤተ ሙከራው የሰፋ ነው፣ መምህሩም ራሱ ይገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ውጭ ለምታድር ልጅ አንድ ሳምንት ከሁለት ይሻላል።

እሱም ካልተገኘ ሰመሩ ባከነ ማለት አይደለም። ሳትፈታው የማታድረውን ዕቃ ትፍታ፤ አሁን ግን ደብተር ይዛ። ሳትነካው በፊት ፎቶ ታንሳው፣ ለምን ቆመ ብላ እንደገመተች ትጻፍ፣ ከፈታችው በኋላ ግምቷ የት ላይ እንደሳተ ትጻፍ፣ መልሳ ስትገጥመው ተርፎ የቀረ ብሎን ካለም ይጻፍ። ለነፃዎቹ ፕሮግራሞች ከሚላኩት ድርሰቶች መካከል የሚነበበው እንዲህ ያለው ነው፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ምህንድስና እወድ ነበር» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል።

ቀኑንም ልብ ይበሉ። ለማይቴስና ለአርኤስአይ የምትደርሰው 11ኛ ክፍልን ስትጨርስ ነው፤ ማመልከቻው ግን የሚገባው 11ኛ ክፍል እየተማረች ሳለ፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሯሪ ባሉት ወራት ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላት የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን ከዚያ በፊት ሥራዋን ማየት አለባቸው፤ ስለዚህ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ወር ደብተሩን ይዛ ሄዳ ታሳያቸው፤ ደብዳቤውንም ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድማ ትጠይቅ። የሒሳብ መምህሯ «መካከለኛ ነሽ፣ አልጽፍም» ቢላት አይክፋት፤ ምን ብታሻሽል እንደሚጽፍላት ትጠይቀውና የተነገራትን ይዛ ከአስጠኚዋ ጋር ትቀመጥበት።